ለነገ የምትቀር ዘለላ

የሰርጌ አልበም ጅማ፣ አማቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አማቴ አልበሙን ታወጣና ያንኑ ገጽ ትገልጣለች፤ እኔ በጎን ዞሬ፣ ቬሎዬ ከኋላ ተዘርግቶ፣ ፀጉሬ ወደ ላይ ተጠቅልሎ የተነሳሁትን። «ፀጉሯን እዩልኝማ፣ ልጄ እኮ ናት የሠራቻት» ትላለች። እንግዶቹም «ውይ ሲያምር!» ይላሉ፤ ምን ይበሉ? እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ እነሳለሁ።

ያ ፀጉር የእኔ አይደለም። በላስቲክ ታሽጎ የመጣ፣ በየትኛዋ አገር ሴት ራስ ላይ እንደበቀለ የማላውቀው ፀጉር ነው። የእኔ ከሥሩ ነበር። የእኔን ከሠራችው ሌላ ያዩት አራት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ፎቶ ያነሳው ግን ማንም የለም። ስልክ ያልያዘ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ውሃ ስንጠጣ እንኳ ፎቶ በምንነሳበት ዘመን፣ እሱ ብቻ ሳይነሳ ቀረ። ይህን ያደረገብኝ ሰው ቢኖር እስከ ዛሬ በረገምኩት፤ ያደረግኩት እኔው ነኝ።

የተወለድኩት ጋምቤላ ከተማ ነው። እናቴ ከጎጃም ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ሁለት ዓመት ሠርታ ልትቀየር መጥታ ጡረታ ወጣችበት። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሞተ። ጎረቤቶቻችን አኙዋዎች ናቸው። በመሃላችን የነበረው አጥር ስሙ ብቻ ነው አጥር፤ በጓሮ በኩል ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። ከተማው በተረበሸ ቁጥር እናቴ የፊቱን በር በሁለት መቀርቀሪያ ትዘጋለች፣ በዚያ ቀዳዳ ግን የጎረቤታችን እጅ ዓሣ ይዞ ይገባል። ማንም ስለ ቀዳዳው አያወራም፣ ማንም አይደፍነውም።

እስከ ሰባት ዓመቴ ድረስ እናቴ ፀጉሬን ትላጨኝ ነበር። ሙቀቱን አትችለውም፣ ቅማል ይፈላባታል፣ እኔም ጊዜ የለኝም ትላለች። አንድ ቀን የጎረቤታችን ሴትዮ ቀዳዳው ጋ አስቁማኝ ራሴን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችና ለእናቴ «ይሄ ልጅ ለምን ፀጉር የለውም? ወንድ ነው እንዴ?» አለቻት። እናቴ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልላጨችኝም። ፀጉሬ ሲያድግ የሴትዮዋ ልጅ ጉልበቶቿ መሃል አስቀመጠችኝ። እኔ ሰባት፣ እሷ አሥር ዓመቷ ነበር። ያኔም ጣቶቿ የትልቅ ሰው ጣቶች ነበሩ። ካመመኝ ትንሽ ታቆማለች፣ «አበቃ፣ አበቃ» ትላለች፣ ትቀጥላለች፤ እንደማያበቃ ሁለታችንም እናውቃለን።

ያን ቀን ሠርታኝ ስትጨርስ ማጅራቴ ላይ፣ ከቀኝ ጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ዘለላ ሳትጎነጎን ቀርታ ነበር። «ይቺስ?» አልኳት። «ይቺ የነገ ናት» አለች። እያለቀስኩ ቤቴ ሄጄ ለእናቴ ሳትጨርስልኝ ተወችኝ ብዬ ከሰስኳት። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያናቸው ስትመለስ ጠርታኝ ያቺን አንዷን ጎነጎነችልኝ፣ የተቀቀለ በቆሎ ሰጠችኝ፣ እስኪመሽ እዚያው ዋልኩ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለባዕድ ሰው እስከ መጨረሻዋ ትሠራለች፤ ለራሷ ሰው አንዲት ዘለላ ታስቀራለች። እናቷም እንደዚሁ ነበሩ፣ የእናቷም እናት። ሥራ ጨርሰህ የሰጠኸው ሰው አይመለስም ይላሉ፤ የሚመለስበት ነገር ሊኖረው ይገባል። የአኙዋ ሁሉ ልማድ ይሁን የእነሱ ቤት ብቻ፣ አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ራሴን ሰጥቻት አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። እናቴ ሳትቀር ለምዳው «ሂጂ የነገዋን አስጨርሺ» ትለኝ ነበር፤ እኔን ከቤት ማስወጣት ስትፈልግም ሰበቧ ያው ነበር።

ልብስ ልናጥብ ባሮ ስንወርድ፣ ልብሱ እስኪደርቅ እርጥቡ አሸዋ ላይ በእንጨት ሹሩባ ትስልልኛለች። ትልቅ ክብ ትሠራለች፤ ራስ ማለት ነው። ከግንባሩ አንድ ወፍራም ጉንጉን ይነሳና ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ጆሮውን ዞሮ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ቀጫጭኖቹ ደግሞ ከየአቅጣጫው እየመጡ ይገቡበታል። «ይሄ ባሮ ነው» ትላለች፣ «እነዚህ ደግሞ ትንንሽ ወንዞች። ስታገቢ ይሄን እሠራሻለሁ። ማንም ሰው ላይ አልሠራውም፣ ላንቺ ነው።» እኔስ ለአንቺ ምን ልሥራልሽ ስላት ጣቶቼን ትይዝና ትስቃለች። «አንቺ አትችይም፤ አንቺ ታጨበጭቢያለሽ።»

እሷ አገባች፣ ሦስት ወለደች። ከቤታቸው ፊት ለፊት ከማንጎው ሥር ሁለት አግዳሚ አስቀምጣ ፀጉር መሥራት ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኢታንግ ሳይቀር የሚመጡ ሴቶች ወረፋ ይይዛሉ። ስትጨርስ ትከሻቸውን መታ ታደርግና «አልቋል። ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ይቆይልሻል» ትላለች። ለሁሉም አንድ ቃል ነው። እኔ ስመጣ ወረፋ የለም፤ «እህቴ ናት» ትላለች፣ የተቀመጠችው ትነሳለች። አስተማሪ ሆኜ እንኳ፣ ተማሪዎቼ እያዩኝ፣ ጉልበቶቿ መሃል ቁጭ እል ነበር፤ የነገዋን ማጅራቴ ላይ አንጠልጥዬም ክፍል እገባለሁ።

ባሌ የእርሻ ባለሙያ ነው፤ አቦቦ፣ አልዌሮ ግድብ አካባቢ ባለ የሩዝ እርሻ ይሠራ ነበር። ወገኖቹ ጅማ ናቸው። እህቱ ጅማ ውስጥ የውበት ሳሎን አላት። ሰርጉ ሦስት ወር ሲቀረው በቴሌግራም ፎቶ መላክ ጀመረች፤ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ በጎን የወረደ፣ አበባ የተሰካበት፣ ዘውድ የተደፋበት። አንዷም ሙሽራ ላብ አላላባትም። በጋምቤላ የሚያዝያ ሙቀት እንኳን የተተኮሰ ፀጉር ሻማም ቆሞ አይውልም ብዬ ጻፍኩላት፣ የሳቅ ምልክት ላከችልኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። «እኔ የምፈልገው ሹሩባ ነው።»

«ሹሩባ ለመልስ ነው» አለች። «ለመልስሽ አልባሶ የምትሠራ ሴት አመጣልሻለሁ፤ ከሐበሻ ቀሚሱ ጋር ይሄዳል።»

«አልባሶ አላልኩም። እሷ የምትሠራውን።»

እናቴ መነጽሯን አወለቀች። መነጽሯን ካወለቀች ነገሩ ከባድ ነው። «ልጄ፣ እጇ ወርቅ ነው፣ ማን ካደ? ግን ነገ የባልሽ ዘመዶች ምን ይላሉ? የእነሱን ተሠርታ መጣች፣ አገሩ ወርሷታል አይሉም?»

የእነሱን አለች። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ተሸክሜው የኖርኩት ነገር ያን ቀን የእነሱ ሆነ። እናቴ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን በእጇ ተቀብላለች፤ የጓደኛዬን ሦስቱንም ልጆች ያዋለደች እሷ ናት። በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። በሩ ላይ ጀግና ነበርኩ።

ይሉኝታ የሚባለው ነገር ግን ሰውን ቀስ እያለ ነው የሚበላው። በሳምንቱ የባሌ እህት ደወለችና የምደርሰው ቅዳሜ ማታ ነው፣ ጊዜ እንዳይባክን ከሥር ሹሩባ ተሠርተሽ ጠብቂኝ አለች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የሚቀጠለው ፀጉር ዝም ብሎ አይጣበቅም። መጀመሪያ የራስሽ ፀጉር ቀጥ ቀጥ ብሎ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ከራስ ቅልሽ ጋር ተለጥፎ ይጎነጎናል፣ ያኛው በመርፌና በክር በላዩ ይሰፋል። የታችኛው እንደ ጫማ ገበር ነው፤ ማንም አያየውም። ይህን ስትነግረኝ ብልሃት የመጣልኝ መሰለኝ። የሥሩን ጓደኛዬ ትሠራለች፣ የላዩን እሷ ትሰፋለች፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ያን ቀን በራሴ ብልጠት ኮርቼ እንደነበር ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ከማንጎው ሥር ሄጄ ነገርኳት። የአንዲት ሕፃን ፀጉር እየሠራች ነበር።

«ከሥር?» አለች።

«ከሥር። እሷ ከላይ ትሰፋበታለች።»

እጇ አልቆመም። «ሰው አያየውም?»

«አያየውም። ግን አንቺ ነሽ የምትሠሪኝ፤ ቃልሽ አልታጠፈም ማለት ነው።»

እንዲህ አልኳት። አሸዋ ላይ ወንዝ እየተሳለላት ላደገች ሴት፣ ይህን ማለት እንዲህ ቀላል ነበር። ሕፃኗን ጨርሳ ትከሻዋን መታ አደረገቻት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እሺ» አለች። «አርብ ነይ። ጠዋት። በልተሽ ነይ።»

በልተሽ ነይ ስትለኝ መጠርጠር ነበረብኝ። ቀጥ ያለ የገበር ሹሩባ ለእሷ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

አርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተነሳሁ። የመጡትን ሴቶች በሙሉ ሰኞ ኑ እያለች መለሰች። እናቷ አርጅተው ዓይናቸው ደክሟል፤ አጠገባችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ሲሏት ትመልስላቸዋለች። «ቀጥ ያለ ነው አይደል?» ስላት «አትነቃነቂ» ትለኛለች። አንዴ ደግሜ ስጠይቃት በማበጠሪያው ጫፍ ጆሮዬን መታ አደረገችኝ፣ እንደ ልጅነታችን። መስታወት አላመጣችም። ሲያልቅ ጥቁር ሻሽ አሰረችልኝና «እስከ እሑድ አትፍቺው» አለችኝ።

ማጅራቴን ዳሰስኩ። ዘለላዋ አለች። «ኧረ አንቺ! እሑድ ሰርጌ ነው፣ በሳምንቱ ጅማ ነኝ። መቼ ልትጨርሽልኝ ነው?»

«ለዚህ እኮ ነው» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሌን ዘግቼ እጄን በሻሹ ሥር ሰደድኩ። ከግንባሬ ወፍራሙን ጉንጉን አገኘሁት፤ ተከተልኩት። ወደ ጎን ታጠፈ። ጆሮዬን ዞረ። ቀጫጭኖቹ ከላይ ከታች ሲገቡበት በጣቴ ቆጠርኳቸው፣ ዘጠኝ ላይ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። ባሮ ነበር። ሰው አያየውም ብያት፣ ሰው የማያየውን ሰባት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብላ ሠራችልኝ።

ከዚያ ደስ አለኝ ብል ምን ነበረበት። የመጣብኝ ፍርሃት ነው። ቀጥ ያለ ነበር የተባለው፣ አሁን ምን ትለኝ ይሆን የባሌ እህት፣ ብዬ ነው የፈራሁት። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እናቴ ገብታ የሙሽራ ነገር መስሏት አባበለችኝ።

እሑድ ማለዳ መብራት አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ እናቴ፣ የባሌ እህትና ሁለት ሚዜዎቼ ነበሩ፤ አራቱ ያልኳችሁ እነሱ ናቸው። የባሌ እህት ከኋላዬ ቆማ ሻሹን ፈታችው። አንዷ ሚዜዬ «እንዴ!» አለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። መስታወቱ ከፊት ለፊቴ ስለነበር እኔ የማየው ግንባሬ ላይ የሚነሳውን ጫፉን ብቻ ነው። ቀሪውን በፊታቸው ላይ አየሁት።

የባሌን እህት ክፉ ሴት አድርጌ ብጽፋት ይቀለኝ ነበር፤ አልነበረችም። ባለሙያ ናት፣ ሥራ ታውቃለች። ዙሪያዬን ዞረች፣ ጎንበስ ብላ አየችው። «ማናት የሠራችው?» አለች። «ጓደኛዬ» አልኩ። «እጅ አላት» አለች። ከዚያ መርፌዋን በጣቷ እንደያዘች መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ቀጥ ያለ ነበር ያልኩት፤ ይሄ ለስፌት ያስቸግረኛል። ግን ያምራል። እንተወው እንዴ? አበባ ጣል አደርግበትና በዚሁ ትወጫለሽ። አንቺ ነሽ ሙሽራዋ፣ ንገሪኝ።»

ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ ተጫነኝ፣ አስገደደኝ፣ እያልኩ መኖር እችል ነበር፤ ይቺ ሴት ጠይቃኝ ያንን አሳጣችኝ። እናቴን አየኋት። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ውጭ የባሌ አጎቶች ድምፅ ይሰማል። አገሩ ወርሷታል የሚለው የእናቴ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር።

«እንዳሰብነው ይሁን» አልኩ።

«ጥሩ» አለች፣ ክር አስገባች። እጇ ማጅራቴ ጋ ሲደርስ ቆመች። «ይቺንስ? ሳትጨርስ ነው እንዴ የሄደችው?»

«ሥራቸው እንዲህ ነው» አለች ሁለተኛዋ ሚዜዬ፣ ከመሥሪያ ቤት ያገኘኋት፣ ከመጣች ዓመት ያልሞላት። «ይጀምሩና ይተዉታል።» ሳቁ። ሳቁ ክፋት አልነበረውም፤ የሰርግ ቀን ሳቅ ነው፣ በሆነው ባልሆነው የሚሳቅ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ያቺ ዘለላ ምን እንደሆነች የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን፣ እኔና እናቴ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «ረስታት አይደለም፣ ሆን ብላ ነው የተወቻት» ማለት። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ እለፈልፋለሁ። ያን ጊዜ ግን ምላሴ ተሳሰረ። ሙሽራ አይናገርም ይባል የለ።

«ክሩ ውስጥ እየገባች ታስቸግረኛለች፣ ልቁረጣት?» አለች የባሌ እህት።

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደችው፤ አልተሳሳተችም። የመቀሱን ድምፅ ሰማሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ያን ድምፅ አልሰማም። እናቴ ጎንበስ ብላ ዘለላዋን ከመሬት አነሳችና በመዳፏ ጨብጣ ወጣች።

የቀረውን ከአልበሙ ማየት ይቻላል። ጄኔሬተሩ አንድ ሰዓት ሠርቶ ቆመ፤ ፀጉር መተኮሻው ፔስትራ ቀዘቀዘ፣ ግማሹ ተጠቅልሎ ግማሹ ሳይጠቀለል በስፕሬይ ደረቀ። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት አልቆ ለፎቶ ባሮ ዳር ስንወርድ ሙቀቱ ያንን ሁሉ ስፕሬይ አቀለጠው። ወደ ላይ የቆመው ወደ ቀኝ ተጋደመ። የአባ ኮዳ ወፍ ጎጆ መሰልኩ። የባሌ እህት አዳራሹን ልታይ ቀድማ ሄዳለች፤ ፎቶ አንሺው «ሙሽሪት ቀና በይ» እያለ ይጮኻል፣ ቀና ባልኩ ቁጥር ይብስበታል። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ላልቅስ ምንም አልቀረኝ።

ጓደኛዬ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ትንሿን ልጇን አዝላ፣ ከሰዉ ኋላ ቆማ ነበር። ልጇን ለሌላ ሰው ሰጠችና መጣች። ከራሷ ፀጉር ላይ መያዣ ስቴኮዎቿን አንድ በአንድ እየነቀለች የተጋደመውን ፀጉር ቀጥ አድርጋ ያዘችው። የእሷ ያልሆነውን፣ የእሷን የሸፈነውን ሥራ፣ በራሷ ስቴኮ ደገፈችው። «ቆንጆ ነሽ» አለችኝ በጆሮዬ። ከልቧ ነበር፤ እሷ ሌላ አነጋገር አታውቅም። ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ልማዷ፣ እጇ በቬሎው ሥር ወደ ማጅራቴ ወረደ።

ጣቷ ቆመ። ቦታውን ዳበሰች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ የጠፋበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው። የተቆረጠው ጉቶ ጣቷ ላይ ሲወጋት ተሰማኝ።

መዞር እችል ነበር። ፎቶ አንሺው «እንዲያ ቁሚ! እንዳትነቃነቂ!» አለ፣ እኔም አልተነቃነቅኩም። አማቴ ለእንግዳ የምትገልጠው ገጽ ያ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ከትከሻዬ ኋላ ትንሽ አረንጓዴ ጨርቅ ይታያል። ኬክ ሳይቆረስ ሄደች፤ ልጇን አሟት ነው አሉኝ። ልጇ ግን ደህና ነበረች።

ጅማ ከገባን ከወር በኋላ ራሴን በጣም ሲያሳክከኝ የባሌ እህት ስፌቱን ፈታችልኝ። «ሹሩባውን ፎቶ አንሽልኝ» አልኳት። ፈልጋ ፈልጋ «ምኑን?» አለችኝ። ላብና ክር በልቶት፣ ወንዙ ከጅረቱ የማይለይ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ሆኖ ነበር። በማበጠሪያ ፈታችው። ለእናቴ ደውዬ አለቀስኩ። እናቴ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አለችኝ፤ ቀሪውን አልጨረሰችውም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለራሷም ጭምር ያለችው ይመስለኛል።

ከሰርጉ በሰባተኛው ወር እናቴን ልጠይቅ ጋምቤላ ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ዓይኔን በጨው አጥቤ ማንጎው ሥር ሄድኩ። ይቅርታ ልላት፣ ሁሉንም ልነግራት መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነበር። ስታየኝ ተነሳች፣ ሳመችኝ፣ ባሌን ጠየቀችኝ፣ «ወፍረሻል» ብላ ሳቀች። እናቷ ሞተው ነበር፤ እኔ ለቅሶ አልደረስኩም። ይህንንም ገና ያኔ ነው የሰማሁት፤ እናቴ እንዳልደነግጥ ደብቃኝ ነበር። «ልትሠሪ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አግዳሚውን በእጇ አሳየችኝ፤ ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል። «ከእሷ ቀጥሎ ነሽ።»

ማንም አልተነሳም። ከሦስተኛዋ ቀጥሎ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ከማንጎው በላይ ሲሆን ተራዬ ደረሰ። ጉልበቶቿ መሃል ስገባ አካሌ ቦታውን ያውቀዋል፤ አንገቴ ሳትነካኝ ጎንበስ አለ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። «እናትሽ…» አልኩ። «አዎ» አለች። «በእንቅልፏ ነው።» ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ የሚያምር ሹሩባ ሠራችኝ። አላመመኝም። አበቃ፣ አበቃ አላለችኝም። አጠገቤ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ስለ ገበያ እያዋራች ነበር የምትሠራው።

ማጅራቴ ጋ ስትደርስ ዘለላዋን አገኘቻት። የጣት ያህል አድጋለች፤ ለመጎንጎን አትበቃም። እንድትተዋት ጸለይኩ። እሷን ከመተው ቀላል ነገር የለም፤ አጭር ናት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ብትል ማን ይቃወማታል? ከቀሚሷ ኪስ ጥቁር ክር አወጣች። ክሩን ከፀጉሬ ጋር አድርጋ፣ ታግሳ፣ እየሳበች፣ ያቺን አጭር ዘለላ እስከ ጫፏ ጎነጎነቻት። በጥርሷ ክሩን በጠሰች፣ ቋጠረችው።

«የነገዋን አልተውሽልኝም» አልኳት።

ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። «አልቋል» አለች። «ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ይቆይልሻል።»

ተነሳሁ። ቀጣይዋ ሴት ተቀመጠች። በቀዳዳው ልገባ በጓሮ በኩል ዞርኩ፤ ከእናቷ ሞት በኋላ ቆርቆሮ ተመትቶበታል፣ ስለዚህ በዋናው በር ገባሁ።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ፊቷ በራ። «ሠራችሽ? ተመስገን! ነይ እስቲ ልየው» አለች። ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩላት። እጇ ከግንባሬ ተነስቶ በጉንጉኖቹ ላይ ወደ ኋላ ሄደ፣ ማጅራቴ ላይ ደረሰ፣ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ዝቅ አለ። እዚያ ቆየ።

«ጨረሰችልሽ እንዴ?» አለች።

«ጨረሰችልኝ» አልኩ።